ሥራ ያላጣ ቤት



የመጣሁት ስለ አንድ ቤት ልነግራችሁ ነው። ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የባላባት አዳራሽም አይደለም። አያቴ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ የሠሩት፣ አምቦ ላይ ከሁሉቃ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ የቆመ፣ አራት ክፍልና አንድ በረንዳ ያለው ጭቃ ቤት ነው። ያን ጊዜ ከተማችን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ በሰው አፍ ግን አምቦነቷን አልተወችም። ውኃዋ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የእርሻ ትምህርት ቤቱም፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን ሥር የሆነው፣ በ1939 ዓ.ም. ገና መቋቋሙ ነበር።

አያቴ ይህን ሁሉ አስልተው ቤት የሠሩ አይመስለኝም። ሚስት ነበራቸው፣ ልጆች ነበሯቸው፣ ከወለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ዘመድም አምቦ ላይ ማደሪያ ይፈልጋል። ሴት አያቴ ግን ሒሳቡን ቶሎ ገቡበት። ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ቤት ሲያጡ፣ የጓሮውን ሁለት ክፍል ለእነሱ ለቀቁ። ኪራይ የሚከፍል በብር ከፈለ፤ ብር ያጣ አባቱ በአህያ ጤፍ ልኮለት ከፈለ። አያቴ በኦሮምኛ «መነ ኬኛ» ይሉት ነበር፤ ቤታችን ማለት ነው። «ቤቴ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

እስኪ ቤቱን ልክፈትላችሁ። ከመንገድ ስትገቡ በረንዳው ላይ ሁለት የጥድ ቋሚዎች አሉ። ጥዱ ከጭሊሞ ደን ወገን በጭነት መኪና እንደ መጣ አባቴ ይናገሩ ነበር። በስተቀኝ ያለው ቋሚ ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ እስከ ትከሻ ድረስ፣ በቢላዋ የተጫሩ ምልክቶች ታያላችሁ። የእኛ ቁመት ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ዕለት አባታችን ከቋሚው ጋር አቁመው ይለኩን ነበር። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ነው። ያኔ ግድግዳን ጋዜጣ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ ብናኝ ይከላከላል፣ ቤቱንም ያደምቃል። እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ አልጋዬ አጠገብ የነበረውን የ«አዲስ ዘመን» ገጽ በቃሌ እወጣው ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እናንተም ያንኑ እንዳትደግሙት ነው።

ከዓመታት በፊት ቤቱ በእኔ እጅ ሲገባ፣ የደቡቡ ግድግዳ ምርጊት ተሰነጣጥቆ አየሁና አፈርኩበት። ዙሪያችን ብሎኬት ቤት እየሆነ ነው፤ የእኛ ብቻ የሴት አያቴን የተሰነጠቀ ተረከዝ ይመስላል። ገንዘብ ነበረኝ። ሲሚንቶ አስገዛሁና ከመሠረቱ እስከ ጣራው አስለሰንኩት፣ ቀለም አስቀባሁት። ሰው ሁሉ እሰይ አለ። ሁለት ክረምት አማረ። በሦስተኛው ክረምት ልስኑ በጣት ሲመቱት እንደ ባዶ ቅል መጮህ ጀመረ። አንድ በዕድሜ የገፉ መራጊ ጠራሁ፤ አምቦ ውስጥ ጭቃ ቤት መምረግ ከሚችሉት ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። በመዶሻ ጀርባ ቀስ እያሉ ከታች ወደ ላይ ቆረቆሩት፣ ከዚያ አንድ ጥግ ይዘው ገሸለጡት። ልስኑ እንደ ምጣድ ቂጣ በሙሉ ተነሣ። ከሥሩ ጭቃው በጥር ወር እርጥብ ነበር። ማገሩ ጠቁሯል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ምስጥ መንገዱን ሠርቶ እስከ መስኮቱ ደፍ ወጥቷል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጭቃ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ ለፀሐይ ይመልሳል። አንተ መመለሻውን ዘጋህበት።»

ይህ ሙሉ ትምህርት ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ከዝናብ ፍንጣቂ ይጠጣል፣ በበጋ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ግትር፣ ጠንካራና እርጥበት በቀላሉ የማያሳልፍ ነው፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲጨማደድ አብሮ አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው መውጫ ያጣል። ከዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ለምስጥ ድግስ ነው። የአያቴን ቤት ያቆየው ድህነት ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ሰባ ዓመት ያህል ሲሚንቶ መግዣ ስላልነበረን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በጭቃ ተመረገ፣ በእበት ተለቀለቀ፣ ቆመ። ገንዘብ ያገኘሁት እኔ ሦስት ክረምት በማይሞላ ጊዜ ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

ጥገናው አንድ በጋ ወሰደ። ልስኑን ሙሉ በሙሉ አወረድነው። የተበላውን ማገር አወጣን፤ ባሕር ዛፉ ነበር የተበላው፣ ጥዱ ከነመዓዛው እንደ ነበር ነው። ሁለት ቋሚዎች ብቻ እግራቸው በስብሶ ነበርና ከጉልበት በታች ቆርጠን በአዲስ ጥድ ቀጠልናቸው፣ ከሥራቸውም ድንጋይ አስቀመጥን። ጣራው ላይ አሸንዳ አሠራን፤ የቤቱ እግር የሚሞተው ከጣራ የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ ግድግዳ ስለሚመታ ነው። ቦይ ቆፍረን ውኃውን ወደ ወንዙ ወገን ሰደድነው። ቀዩ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየቀኑ እየተራገጠ፣ እስኪብላላ ሳምንት ተኛ። የሰፈር ልጆች ለመርገጥ ተሻሙ። ግድግዳው ላይ ከኖረው ጋዜጣ ያተረፍነውን በካርቶን አስቀመጥነው፤ ያ የአልጋዬ ገጽ ግን አልተገኘም።

ይህን የጭቃ ምርጊት በማሊ አገር ጄኔ የምትባል ከተማ በየዓመቱ በአደባባይ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራው ታላቁ መስጊዳቸው ሙሉ በሙሉ የጭቃ ነው። ሕዝቡ ቀን ቆርጦ ወጥቶ፣ ወጣቱ ጭቃ እየተሸከመ፣ ግንበኞቹ ግድግዳው ላይ በተሰኩት እንጨቶች እየተንጠላጠሉ እንደገና ይመርጉታል። መስጊዱ ዓለም አቀፍ ቅርስ ነው፤ ግን መመረጉን ቢተዉት ዝናቡ ይሸረሽረዋል። የምዕራብ ሸዋ ሰው ይህን ሲሰማ ሊደነቅ አይገባም። እኛም ደቦ አለን፤ ጎጆ የሚከደነው በደቦ ነው፣ ጭቃ የሚመረገው በደቦ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ አባቱ ለአገራቸው ሊዋጉ በዘመቱበት ዘመን፣ እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ ሲወለድ፣ የዚያ አገር ቤት ሁሉ በየጊዜው ሣሩ የሚለወጥ፣ ጭቃው የሚታደስ ቤት ነበር። ቅርስ ስንል ሰው ያልነካው ነገር ይመስለናል፤ የእኛ ቤቶች ግን ካልተነኩ የሚሞቱ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጊንጪን አልፈን አዲስ ዓለም እንደርሳለን፤ ከዋና ከተማው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቆርጠው ነበር። ምክንያቱ ማገዶ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተመንጥሮ ለእሳትም ለቤትም እንጨት ጠፋ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ መንገድ አስቀየሱ፤ ያ መንገድ ከአገራችን ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው፣ ዛሬ ወደ ነቀምቴ የምንሄድበት ጎዳና መነሻም እሱ ነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተስፋፋ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ ላይ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖቹም መኳንንቱም የድንጋይ ቤት ጀምረው ስለነበር መሄድ አልፈለጉም። የአዲስ ዓለም ዋና ከተማ መሆን ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ያለ ንጉሥ ቀረ።

እንግዲህ አስቡት። ባለቤት ያልገባበት ትልቅ ቤት፣ ኮረብታ ላይ፣ ዝናብና ነፋስ በሚበዛበት አገር። እንደዚያ ቢተው ኖሮ ዛሬ የመሠረቱን ድንጋይ እንኳ ሰው ለአጥር ወስዶት ነበር። ምኒልክ ግን አዳራሹን ለእመቤታችን ሰጡት፤ አዲስ ዓለም ማርያም ሆነ። ካህናት ገቡበት፣ ቅዳሴ ገባበት፣ ጣራው ሲያፈስ የሚያስጨንቀው ሕዝብ አገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ደወሉ ይሰማል፤ የነገሥታቱ ስጦታዎችም በዕቃ ቤቱ ተጠብቀው ይታያሉ። ቤቱን ያተረፈው ታላቅነቱ ሳይሆን ሥራ ማግኘቱ ነው እላለሁ።

ሆለታም ይህንኑ ይመሰክራል። የምኒልክ የሆለታ ቤተ መንግሥት በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ሆነ፤ የስዊድን መኮንኖች መጥተው የኢትዮጵያን ልጆች አስተማሩበት። ትምህርቱ ሳይጠናቀቅ ጦርነት መጣ። ከዚያ ግቢ የወጡ ዕጩ መኮንኖች ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ጦር ጋር ሆነው በዚህ በእኛ ምዕራብ ታገሉ። የዚህ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው፣ የንጉሥ ማረፊያ የነበረው ግቢ የተማሪ ግቢ ስለሆነ ነው።

እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ግን የነገሥታቱ ቤት አይደለም፤ ለእሱ የሚጮህ ሰው አይጠፋም። የሚያሳስበኝ የነጋዴው፣ የአስተማሪው፣ የአናጢው፣ የጠጅ ነጋዴዋ ቤት ነው። አምቦ ላይ፣ ጉደር ላይ፣ ጌዶ ላይ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆርቆሯቸው ዝጎ፣ በረንዳቸው ተንጋዶ የቆሙትን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙዎቹ መውደቅ የጀመሩት ዘንድሮ ወይም አምና አይደለም፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለቤት አልባው ፍትሕ ለማምጣት የወጣ አዋጅ ነው፤ በአነስተኛ ኪራይ ጣራ ያገኘ ድሃ ብዙ ነው፣ ይህን የሚክድ ሰው የድሃን ኑሮ የማያውቅ ነው። ለቤቶቹ ግን አንድ ነገር ጠፋ፤ የሚቆረቆርላቸው። የቀድሞው ባለቤት የእሱ ስላልሆነ አያድስም። ተከራዩ የእሱ ስላልሆነ አያድስም። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ለአንድ ሉክ ቆርቆሮ አይበቃም። አንዱ ሳሎን በካርቶን ተከፍሎ ለሦስት ቤተሰብ ሆነ። እንዲህ እየሆነ ሃምሳ ዓመት ሄደ።

የእኛ ቤት የተረፈው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረን ነው። የጓሮዎቹን ክፍሎች አያቴ ለተማሪ ማከራየታቸውን ትተው በነፃ አስቀመጧቸው፤ «እንግዶቼ ናቸው» ብለው ለቀበሌው አስረዱ። ቤቱ ሥራውን አላቆመም።

ከአዋጁ በላይ ቤትን የሚገድል ሌላ ነገር አለ፤ እሱ በእጃችን ነው። ውርስ። አባት ያርፋል፣ ሰባት ልጅ ይቀራል፣ አንዷ ሚኒሶታ ናት፣ አንዱ ሻሸመኔ ነው፣ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሰባት ቦታ የሚከፈል ጭቃ ቤት የለም፤ የሚከፈለው ብር ነው። ብር የሚሆነው ደግሞ ቦታው ነው፣ ቤቱ አይደለም። ስለዚህ ቤቱ ይፈርሳል፤ ማንም ክፉ ሳይሆን ይፈርሳል። ስንት ቤት እንዲህ ሲሄድ አይቻለሁ! እኔም ከእህቶቼና ከወንድሞቼ ጋር ሁለት ዓመት ተከራክሬያለሁ፤ ሌሊት ሌሊት በስልክ፣ ሚኒሶታ ቀን ሲሆን እዚህ እየመሸ። በመጨረሻ ያስማማን ገንዘብ አልነበረም። ትልቋ አክስታችን አንድ ቀን ተነሥተው «ይህ ቤት ምን ይሠራል? እሱን ንገሩኝና ከዚያ ሽጡት» አሉን። ዝም አልን። ለካ ሥራ ከሰጠነው መሸጡን ትተነዋል።

ዛሬ እንዲህ ነው። ሁለቱ የጓሮ ክፍሎች እንደ ጥንቱ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይከራያሉ፤ ኪራዩ ለምርጊትና ለቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ከወራሾቹ ማንም አይነካውም፤ ይህ በጽሑፍ ተፈርሟል። አንዱ ክፍል የሰፈሩ ዕድር ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ እዚያ ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት ጣራው ቢያፈስ ከእኔ ቀድሞ የዕድሩ ዳኛ ይደውላል። አክስታችን በዋናው ክፍል ይኖራሉ፤ ጠዋት በር ይከፍታሉ፣ ማታ እሳት ያነዳሉ። ጭሱ ራሱ ለጣራው እንጨት መድኃኒት ነው፤ ጢስ የለመደ ወራጅ ነቀዝ አይደፍረውም።

ሐረሮች ቤትን በሥራ ማኖርን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የከበረው ግንቡ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ ያሉት የሐረሪ ቤተሰብ ቤቶችም ናቸው። ደረጃ ደረጃ ሆኖ በቀይ የተቀባው መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና ሣህን፣ እናት ለልጅ የምታወርሰው ሥርዓት ነው። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች ዛሬ ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል፤ ቤቱ ገቢ ያመጣል፣ ገቢው ቤቱን ያድሳል። አምቦ የፍል ውኃ አገር ናት፤ ወደ ወንጪ የሚወጣ እንግዳም በእኛ በኩል ያልፋል። ያ እንግዳ ብሎኬት ክፍል ከአገሩም ያገኛል፤ የጥድ ቋሚ ያለው በረንዳ ግን አያገኝም።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ «ካስመዘገብኩት ይወሰድብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው እያሳሳተ ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ እንዲንከባከበው ያስገድዳል፣ በቅርስነት የተያዘውን ያለ ፈቃድ መጠገንም ይከለክላል፤ ወጪው ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የሚያግዝበትን መንገድ አስቀምጧል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ወረቀቱን ይዞ ወደሚመለከተው የቅርስ ቢሮ የሚሄድ የቤት ባለቤት ነው፣ ከዚያም በሩን የሚከፍትለት ሰው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይታችኋል፤ ተቆጭተንበት ነበር፣ ግን አብዛኞቻችን የቤቶቹን ታሪክ የሰማነው ግሬደሩ ከቆመ በኋላ ነው። መንገድ መስፋት አለበት፣ ከተማ ማደግ አለበት፤ መሐንዲሱ ካርታው ላይ ያልተጻፈ ቤት እንዲያይልን መጠበቅ ግን አንችልም። ካርታው ላይ የምናስገባው እኛ ነን።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ለመሥራትም አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ቤታችሁ ውስጥ ካሉት አዛውንት አጠገብ ተቀመጡ። ማን ሠራው፣ እንጨቱ ከየት መጣ፣ አናጢው ማን ነበር፣ ማን ተወለደበት፣ ማን ሞተበት፣ በጠላት ጊዜ ማን ተደበቀበት፣ ሁሉንም በስልካችሁ ቅዱት። በኦሮምኛ ካወሩ በኦሮምኛ ይቀመጥ፣ አትተርጉሙት። አራቱን ግድግዳ፣ በሩን፣ ጣራውን ፎቶ አንሡ፤ የክፍሎቹን ስፋት በሜትር ለክታችሁ ወረቀት ላይ ንደፉ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። የእኔ አባት ሳይነግሩኝ ያረፉት ነገር ብዙ ነው። ከጭሊሞ ጥዱን ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር አያቴን ገንዘብ አልጠየቃቸውም ነበር ይባላል፤ ለምን እንዳልጠየቃቸው የሚያውቅ ሰው አሁን የለም።

ጥር ላይ የምሥራቁን ግድግዳ እንመርጋለን። ጭዱ ተገዝቶ በረንዳው ላይ ተቆልሏል፤ አፈሩን ከዚያው ከጓሮ እንቆፍራለን፣ መራጊው ሽማግሌም እመጣለሁ ብለዋል፤ ሁለት ወጣቶች ሥራውን እንዲለምዱ ይዘው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጭቃ ይረገጣል። እግሩን ማጠብ የማይሰለቸው ሁሉ ይምጣ፤ ውኃው ከሁሉቃ ነው፣ ቡናውን አክስታችን ያፈሉታል። ልጅ የምታመጡም ከመመለሳችሁ በፊት ከቋሚው ጋር አቁሙት፤ ቢላዋው በሩ ላይ፣ ከመቃኑ በላይ ተሰክቷል።